የጋሼ ጆሮ ማዳመጫ

ጋሼን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን ንዴቴ ገና አልበረደምና «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ። ደስ ያላለው ሰው ካለ አያንብበው። በእሱ የተነሳ አንድ ምስኪን ሰው ሥራውንም ቤቱንም አጥቷል፤ እንዲህ ላደረገ ሰው ደግሞ አንቱታ ከብዕሬ አይወጣም።

ሬዲዮ ጣቢያችን ውስጥ «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚባለው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቴፕ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ድምፅ ሲያዳምጥ ኖረ። የተናጋሪውን ሳል ከቴፕ ላይ ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ያን ቀን ቁርስ አልበላም» የሚል ሰው ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ፖም መብላት ሲያምራት ጓሮ ትወጣለች፤ አጠገቡ ከገመጠችማ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳል። የጎረቤቱ በር ሲጢጥ ይላል ብሎ ሰውዬውን ለሁለት ዓመት ሰላም ነስቶታል። መሥሪያ ቤትም ያው ነው፤ ጠዋት እሳት ጎርሶ ይገባል፣ ማታ እሳት ለብሶ ይወጣል።

እንወደው ነበር ደግሞ። ሲቆጣ ልክ ነበራ! «ይሄ ማይክራፎን ታሟል» ካለ ታሟል ማለት ነው። «ይቺ ዘጋቢ እቤቷ ቁጭ ብላ ነው ከገበያ ነኝ ያለችው» ካለም እውነት ሆኖ ይገኛል። በተቆጣ ቁጥር ልክ ሲሆን ስላየን፣ ቀስ በቀስ መቆጣቱን ብቻ አይተን ልክ ነው ማለት ለመድን። እኔን ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ማዳመጫው ከሥራ ዕድሜው ጋር እኩያ ነው። ብረቱ ይከብዳል፣ ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው፣ የጆሮው ትራስ ሁለት ጊዜ አልቆ ከእህቱ አሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጦ ሰፍቶለታል። ግማሽ ሰዓት ካደረጉት አንገት ይገትራል። እኔ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት አዲስ፣ ቀላል፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነው። መጀመሪያ ቀን ሲያየው «ይሄ ለጆሮሽ ነው ለጸጉርሽ?» አለኝ። ልጁ በመጀመሪያ ደመወዟ ተመሳሳዩን ገዝታ ብታመጣለት ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍት መልሶላታል። አልቅሳ ነው የሄደችው።

ያን ጊዜ ሁለት መቶ አሥራ አራት አሮጌ ቴፖች ከማህደር ክፍል ወጥተው ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጡ ተወሰነ። የጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ የአዋላጆች፣ የሾፌሮች፣ አብዛኞቹ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት በአየር ላይ ይውላል። ሥራው ለማን ይሰጣል? ለጋሼ ጆሮ ነዋ።

ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ወር አንድ በአንድ እየጠራ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠን።

«ነይ ተቀመጪ። አፍሽንም ዓይንሽንም ዝጊ።»

በመጀመሪያ የሱን ማዳመጫ አጠለቀልኝ። አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ አፈር ተንዶበት እንዴት እንደወጣ ይተርካል። ሰውዬው ፊቴ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ ምላሱ ጥርሱን ሲነካ ይሰማል፣ ትንፋሹ ይሰማል። ጸጉሬ ቆመ። ከዚያ የኔን አዲሱን ሰካልኝ። ያው ሰውዬ ተበተነ። ከግራም ይመጣል፣ ከቀኝም ይመጣል፣ መሀል ላይ ግን ሰው የለም። ደረቱ የተወሰደበት ድምፅ ነው።

«ሰውዬው የት ሄደ?» አለኝ።

«እንጃ ጋሼ።»

«እኔ ልንገርሽ! ያ የምትኮሪበት ዕቃሽ በላው! ይሄንን ደግሞ ጥራት ይሉታል!»

በማዳመጫዬ አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ሁሉም አፈረ። ኃላፊያችን እንኳ የራሷን ይዛ ገብታ፣ «ለካ ስንታለል ነው የኖርነው» እያለች ወጣች። ማንም ለማስደሰት ብሎ አልዋሸለትም፤ ልዩነቱ በትክክል ይሰማ ነበር። በማግስቱ በሩ ላይ «አዲስ ማዳመጫ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ስልክ መደወል የጀመረው ፕሮግራሙ አየር ላይ ከዋለ በኋላ ነው። አድማጮች አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፦ አቅራቢዋ ጥርት ብላ ትሰማለች፣ የድሮው ሰው ሲገባ ግን ድምፁን ውሃ ይበላዋል፣ ሬዲዮው ዝም ይላል። ሁሉም አይደሉም። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያላት ትንሽ ሬዲዮ ያላቸው ናቸው። የኛ አድማጭ ደግሞ አብዛኛው ይህችው ነው ያለችው።

ኃላፊዋ ጠየቀችው። ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

«ከኔ ክፍል የወጣው ንጹሕ ነው! ማሰራጫውን ጠይቂ!»

ማሰራጫው ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀው አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ «አንቴና» እንለዋለን። ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር እዚያው፣ ምሰሶው ሥር ባለችው የጣቢያው ቤት ይኖር ነበር። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል ማለት ነው። ቁጣ የሚባል አልፈጠረበትም። ስብሰባ ላይ በለሆሳስ «ቀጥታ ሥርጭቱ ደህና ነው፣ የሚጠፋው የድሮው ብቻ ነው። እስቲ እዚያ በኩልም ይታይ» አለ። ጋሼ ጆሮ ብድግ ብሎ «አንተ ነህ ጆሮዬን የምትፈትሸው?» አለና ከስቱዲዮ የሚወጣው ሁሉ እንከን የሌለው መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ፈረመ። አንቴና የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ማስጠንቀቂያው ሊያልቅ ሲል፣ ማክሰኞ ዕለት የእሁዱን ፕሮግራም በኔው ማዳመጫ እያቀናበርኩ ነው። ግራና ቀኙን ወደ አንድ የሚያጣምረውን ቁልፍ ክንዴ ነካው። ጉድጓድ ቆፋሪው አረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ድርግም አለ። ቁልፉን መለስኩት፤ ተመለሰ። እንደገና ተጫንኩት፤ ጠፋ። የቴፑ እሽሽታ እንኳ የለም። የትንሿ ሬዲዮ ጉድ ይሄ ነበር፤ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ስታጣምር ይጠፋፋሉ፣ ቀና ሆኖ የሚሰማው ደግሞ በሱ ማዳመጫ ብቻ ነው።

ሮጬ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ጮኸብኝ፣ «ይዘሽ ውጪ ያንን ቆሻሻ!» አለኝ። እኔም ጮህኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የርስዎን ይፍቱት! አሁኑኑ ይፍቱት!»

ምን እንደታየው አላውቅም፣ መፍቻ አነሳና የግራውን ጆሮ ከፈተ። ገመዱ የቴፖቹ ሥራ ሊጀመር ሰሞን ተበጥሶ ራሱ በይዶት ነበር። ግራ በኩል ያሉት ሁለት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ቀኙ ሲገፋ ግራው ይስባል። ለዚህ ነው ቴፖቹን መገልበጥ ሲጀምር ድምፁ ሁሉ ተበትኖ የተሰማው ለሱ። የራሱ ማዳመጫ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ እሱ ያልጠረጠረው ዕቃ ያ ብቻ ነው። ጥፋተኛው አዲሱ መገልበጫ መሣሪያ ነው ብሎ በያንዳንዱ ቴፕ ቅጂ ላይ የግራውን ድምፅ በተቃራኒው አዞረው። በሱ ማዳመጫ ሁሉም ቀና፤ በሌላው ዓለም ሁሉ ተጣመመ። ትንሿ ሬዲዮ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ እየተጠፋፉ ባዶ ቀረ።

ያንን ሽቦ ብዙ አየው። ከዚያ በቀስታ፣ እኔ በማላውቀው ድምፅ፣ «ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ይሄን እንኳ ለኔ ተዪልኝ» አለኝ።

እሺ አልኩ።

ረቡዕና ሐሙስ በሩን ቆልፎ ዋለ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ሲመልስ ነበር። ዓርብ አንቴና የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። እሁድ ጠዋት ድምፁ በየትንሿ ሬዲዮ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሰኞ ኃላፊዋ ሻይ ክፍል ውስጥ እጇን አጨብጭባ «አያችሁ? ሰውዬው እንደተነሳ ጥርት አለ!» አለች። ጋሼ ጆሮ ዓይኑን ብርጭቆው ውስጥ ተክሎ ስኳሩን ያማስላል። ቆሽቴ አረረ።

ተከትዬው ክፍሉ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ነገ ያሉኝ መቼ ነው?»

«ጡረታዬ ሁለት ወር ነው የቀረው!» ብሎ አንባረቀብኝ፣ ይሄ መልስ ይመስል።

በሩን በኃይል ወርውሬ ወጣሁ። ያደረግሁት ያንን ብቻ ነው። እቤት ስገባ በባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ። «ታዲያ ለምን አትናገሪም?» ሲለኝ የባሰ እጮሃለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ከራሱ አፍ ይውጣ እያልኩ ለራሴ ሰበብ እደረድራለሁ። አንቴና የጣቢያውን ቤት ሲለቅ ቅዳሜ ሄጄ ዕቃ በመጫን አገዝኩት። ፍራሽ ተሸከምኩ፣ ድስት ጠቀለልኩ፣ ከነቤተሰቡ ወደ ሚስቱ ወንድም ቤት አደረስኳቸው። ማታ ወገቤን ሲያመኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የጋሼ ጆሮ ሽኝት መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ኬክ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ኃላፊዋ «የጣቢያችን ጆሮ» እያለች ረጅም ንግግር አደረገች። አንቴናንም ጠርታው ኖሮ በሰፊ ኮት ከስቶ መጣ። እድል ሲሰጠው ተነሳና እጁን አጣጥፎ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ በነበረው ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስካሁን እያሰብኩት ነው፣ የቱ ጋ እንደዘነጋሁ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ብቻ እኔ ከተነሳሁ ወዲህ ከተስተካከለ፣ ጥፋቱ የኔ ነው...»

«ዝም በል!»

ጋሼ ጆሮ የኬኩን ቢላ እንደያዘ ቆሟል፣ ፊቱ ደም ለብሷል።

«ምን አጥፍተህ ነው ይቅርታ የምትለው? ሰው እንዴት ላላጠፋው ይቅርታ ይለምናል? ሽቦውን አዙሬ የበየድኩት እኔ ነኝ! ሁሉንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ! አንተን ብሎ አጥፊ!»

የበደለውን ሰው ነው እኮ የሚቆጣው! ሌላ መናገሪያ ቋንቋ የለውም።

አንቴና አልጮኸም። «መቼ አወቁት?» አለ።

«ማክሰኞ።»

«የቱ ማክሰኞ? ደብዳቤዬ የደረሰኝ ዓርብ ነው።»

ጋሼ ጆሮ ቢላውን አስቀመጠ። «ከዚያ በፊት ያለው ማክሰኞ» አለ። ኃላፊዋ ወንበሯ ላይ ዝልፍልፍ ብላ ተቀመጠች።

አንቴና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። እንዴት እንደደረሰበት አላውቅም፤ ምናልባት ከሁሉም ሰው መሀል ያልደነገጥኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆናል።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከማክሰኞው ጀምሮ?»

«ከማክሰኞው ጀምሮ።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ እሱን እችለዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የለመድኩት ነው። አንቴና ግን የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ ለሁለታችን ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረኝ።

«ቅዳሜ ዕለት ድስቶቹን ስታወርጂ ባለቤቴ ቆማ መርቃሽ ነበር። አሜን ብለሻል እኮ።»