ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር

እትዬ ነጥብን የማያውቅ ደራሲ ካለ ገና አልጻፈም ማለት ነው። ወደ አሳታሚ ድርጅታችን የሚመጣውን ረቂቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው አንዲት አራት ነጥብ ከጎደለች ምሳ ስለማይበሉ ነው። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ጠረጴዛዬ ከማንበቢያ ክፍላቸው በር አጠገብ ስለሆነ ሌላም ሥራ አለኝ፤ በር መክፈት። የበሩ እጀታ በውስጥ በኩል ከወለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አለቃችን «ነገ ይሠራል» ይላሉ፤ የእሳቸው ነገ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እትዬ ሲገቡ በሩ በራሱ ይዘጋል፤ መውጣት ሲፈልጉ በእርሳሳቸው ጫፍ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ እኔ እከፍታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅበት ነበር። እጀታ ገዝቼ መግጠም እየቻልኩ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ለመድኩት። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። የደራሲው ስም ያለበት ገጽ ይነሳና ረቂቁ ለእትዬ ይሰጣል። እሳቸው በአንድ ወረቀት ፊት ላይ ጥንካሬውን፣ በጀርባው ድክመቱን በእጃቸው ይጽፋሉ። አለቃችን የሚያነቡት ጀርባውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን እንዳለ ለደራሲው ይሰጣል።

ባለፈው ወር ለወጣቶች የተጻፈ ምናባዊ ልቦለድ መጣ፤ የጀማሪ ሥራ። በሮቿ ሁሉ ከውጭ ብቻ የሚከፈቱ ከተማ ታሪክ ነው። እትዬ ጠዋት ይዘውት ገቡ። ከምሳ በፊት ሦስቴ ተንኳኳ። ስከፍት ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የልጄ ነው» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ገጽ አርባ ላይ አንዲት እናት ግንብ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ታርማለች። መውጣት ስትፈልግ በእርሳሷ ጫፍ ሦስቴ ታንኳኳለች።»

ለፈተና እያጠናሁ ነው ብላ ክፍሏን ዘግታ የከረመችው አንድያ ልጃቸው ናት። አምና የቤት ቁልፍ ጠፍቷት መጥታ አጠገቤ ስትጠብቅ ያን ማንኳኳት ሰምታ ነበር። «ሁሌ እንዲህ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። «ለምደውታል» አልኳት።

እትዬ ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። ዘመዴ ናት ብለው እንዳይመልሱት ድርጅቱ የሠራተኛ ዘመድ ሥራ አይቀበልም፤ መጽሐፉ ያኔውኑ አበቃለት። እንዳያሞካሹት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራቸው ዋሽተው አያውቁም። እውነቱን እንዳይጽፉ ልጅቱ የእናቷን የእጅ ጽሑፍ ገና ከሩቅ ታውቀዋለች። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ» አሉ። ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። አንጀቴን በሉት።

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ወረቀቱን አሳዩኝ። ፊቱ ላይ ንግግሩ ሕይወት እንዳለው፣ ባለታሪኳ ልጅ በእናቷ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የምታዳምጥበት ምዕራፍ እንዳስለቀሳቸው ጽፈዋል። ጀርባው ላይ ምሕረት የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች የከተማዋን ሕግ ከማስረዳት በቀር አንድ እርምጃ አይራመዱም። የሰዉ ስም ብዛት የዕድር መዝገብ ያስንቃል። ከተማዋን የሚገዛው ክፉ ንጉሥ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አስማተኛ ቀለበት ይሸነፋል። የእትዬ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ልጅቱ የከተማውን በር ሁሉ ከፍታ በክንፋማ ፈረሷ ትሄዳለች። የእናቷ በር ግን እንደተዘጋ ቀረ። ደራሲዋ ረስታዋለች።»

አለቃችን እንደልማዳቸው ጀርባውን አነበቡ። «በአንድ ወር አስተካክላ ታምጣ፤ አለዚያ ይቅር» ብለው ላኩት።

ቤት የሆነውን በማግስቱ ጠዋት እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነገሩኝ። ልጅቱ ራት ላይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም።

«ስለ ስሞቹ እውነትሽን ነው፤ ስለ ቀለበቱም» አለቻቸው። «በሩን ግን አልረሳሁትም፣ እማ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትሽላትም?»

«መውጣት ትፈልግ እንደሆነ አላውቅማ። ታንኳኳለች፣ ይከፍቱላታል፣ ቤቷ ትገባለች፤ ጠዋት ተመልሳ እዚያው ናት። አንድ ቀን እንኳ ጠልቼዋለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጠይቄሽም አላውቅም።»

«እርስዎስ ምን አሏት?» አልኩ።

«ራቱ ቀዘቀዘ አልኳት።»

ይህን ብለው ገቡ። በሩ እንደወትሮው በራሱ ተዘጋ። ሥራዬን ጀመርኩ እንጂ ዓይኔ ገጹ ላይ አልነበረም። ልጅቱ ያኔ ስትጠይቀኝ «ለምደውታል» ያልኳት ነበር የሚመላለስብኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቴ ተንኳኳ። እትዬ በዚህ ሰዓት አንኳኩተው አያውቁም። ስከፍት ቦርሳቸውን አንግተዋል።

«ወዴት ነው?»

«ልጄ ጋ። እናትየዋ መውጣት ትፈልጋለች፣ ድሮም ትፈልግ ነበር ልላት ነው።»

«ስልክ አለ እኮ፣ እትዬ።»

«ይሄስ በስልክ አይሆንም» አሉ፤ አለቃችንንም ሳያስፈቅዱ ደረጃውን ወረዱ።

እኔ በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከለቀቅኩት ይዘጋል።