ባዶን የሚመዝነው ሰው

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ባዶ እመዝናለሁ» ይልና ሌላው ሳይቀድመው ራሱ ይስቃል። ተማሪዎቹ የሚጠሩበትን «ዶክተር ባዶ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱው ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በስሌቱ መሠረት ምንም የሌለበት ሕዋ ራሱ ኃይል አለው፤ ያ ስሌት እውነት ቢሆን ኖሮ ዓለሙ ሁሉ ገና አንድ ኮከብ ሳይቋጥር በተበታተነ ነበር። ሰማዩን የሚለኩ ሰዎች ያገኙት ኃይል ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልዩነቱን ለመጻፍ ከአንድ በኋላ መቶ ሃያ ዜሮ መደርደር ያስፈልጋል።

የሙያ ጓደኞቹ ያንኑ የሚያህል ተቃራኒ ቁጥር በእጃቸው ጨምረው ያጣፉታል። እሱ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «በእጅ የተስተካከለ ነገር ሳይንስ አይደለም! ማን ነው እዚያ ቆሞ የሚያስተካክለው?» እያለ ስንት ስብሰባ በጥብጧል። የራሱ መንገድ የስበትን ሕግ እንደገና መጻፍ ነው፤ በበር ያስወጣው ቁጥር በመስኮት እየገባ አስቸገረው እንጂ።

«በራሱ የሚረጋ ነገር ማየት የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ» ማለት ይወድ ነበር። ሚስቱና እናቱ ዓመታት አብረው ሲኖሩ ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። እሱም ቤት ውስጥ ከማንም ተጣልቶ አያውቅም፤ ማለዳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል።

ሚስቱ የወለደች እህቷን ልትረዳ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት እናቱን ካፖርት ለብሰው፣ ሻንጣቸውን በር ላይ አቁመው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ወንድምህ ጋ ልሄድ ነው።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

ዕድሜውን ሙሉ ምንምን ያጠና ሰው የዚህን ምንም ክብደት ማወቅ ነበረበት። ደነገጠ። እናቱን ይወዳቸዋል፤ ችግሩ ነግሯቸው አለማወቁ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ።

«ጠዋት ገብተህ እንዴት አደርሽ ብለሃቸዋል?» አለችው።

«እኔ እኮ ቸኩዬ ነው የምወጣው።»

«ሁሌም ትቸኩላለህ። ሻይ ሳስገባላቸው ‹እማማ፣ ልጅዎ እንዴት እንዳደሩ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው የወጣው› የምላቸው እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። አንተንስ ማታ ‹እማማ መርቀውሃል› እልህ የለ? ግማሹን ቀን ተቀይመውህ ነው የሚውሉት።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ለካ እዚያ ቆሞ የሚያስተካክል ሰው ነበር። በየስብሰባው ጠረጴዛ መደብደቡ ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ አፈረ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሱ ነው።

ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እሷ ናት ጠይቃቸው ያለችህ?»

ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

«እንደምትዋሽልህ ድሮም አውቃለሁ» አሉ እናቱ። «የወለድኩትን ልጅ አጣዋለሁ? ግን ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ሰው ያለበት ቤት ደስ ይላል። ሰሞኑን እሷም የለች፣ ውሸቱም የለ። ከማን ጋር ልቀመጥ?»

«አሁን ግን እኔው ነኝ የጠየቅሁሽ» አለ ቀስ ብሎ።

እናቱ ከወገባቸው ጀመሩ፤ ከወገባቸው ወደ መስኮቱ ብርድ፣ ከብርዱ ወደ ጎረቤት ውሻ ተሻገሩ። እሱም ስብሰባው አመለጠው። ካፖርቱ ወለቀ፣ ሻንጣው ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሶ ትዝ አለው። መንገደኛ እየሳቀበት፣ ቦርሳው ጎኑን እየደበደበው ሮጦ ተመለሰ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ረስተህ ነው?» አሉት እናቱ።

«አንቺን» አለ እያለከለከ። «እንዴት አደርሽ?»

እናቱ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሻንጣውን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው አልጋው ሥር ከተቱት።