ጀርባዋን ለአጥሩ የሰጠች ዳኛ

ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት የሶፍትቦል ስፖርት ዳኛዋ ከጨዋታ በፊት የጫማዋን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ትቋጥራለች፤ እግሬ አውጪኝ የሚያሰኝ ነገር ቢመጣ ብላ ነው። ባለፈው ወር ከአጥሩ ማዶ የተወረወረ ጠርሙስ ማጅራቷን ፈንክቷታል። ዛሬም አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ደጋፊዎች አፋቸው አላረፈም።

«እትዬ፣ መነጽሩን ለጌጥ ነው ያደረግሽው?»

«መውጫው በር አንድ ነው፣ እዚያ እንገናኛለን!»



ነጥቡ እኩል እንደሆነ የደጋፊዎቹ ቡድን ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር መሬት ላይ ወደተነጠፈው የመጨረሻ ሰሌዳ ገሰገሰች። ዳኛዋ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ብትቆም ጠርሙስ ሲመጣ ታያለች፤ ኳስ የያዘው የተጋጣሚዋ ጓንት የሯጯን እግር ሲነካ ግን አይታያትም። ዞራ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጠች። የሯጯ እግር ሰሌዳውን ሳይረግጥ ጓንቱ ቀድሞ ነካ። ኳሷ ከጓንቱ አለመውደቋን እስክታይ ጠበቀችና ጡጫዋን ሽቅብ አነሳች።

«ወጥታለች!»

ነጥቡ የተከለከለባቸው ደጋፊዎች አጥሩን አንገጫገጩት። የማጅራቷ ቆዳ ተኮማተረ። ብትዞር መፍራቷን ያዩባታል፤ ጨዋታውን ብታቆም ደግሞ ጩኸቱ ይብሳል። እናም ሳትዞር፣ በቀጠነ ድምፅ ተጣራች።

«ቀጣይ መቺ!»