የውዴ ደቦ

በትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ከጎመኑ ቀድሞ የበቀለው ታፔላው ነው። «በበጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦች የሚለማ የማኅበረሰብ የጓሮ አትክልት» ይላል፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ። የመሬቱ ድንጋይ ገና አልተለቀመም። ታፔላው ግን እግሩ በሲሚንቶ ስለተቀበረ የደብረ ብርሃን ነፋስ እንኳ አልነቀነቀውም። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ሰይፈሥላሴ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። በዚያ ዓመት ከሠሩት የግብርና ሥራ ከባዱ ይኸው ነበር።

አቶ ሰይፈሥላሴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስብሰባ የራባቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚመሩት ጉባኤ የለም፤ ባለቤታቸው እንደሆኑ አጀንዳ አይቀበሉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለልጆች ምሳ የሚሆን አትክልት በወላጆች ጉልበት ይልማ ሲል፣ እሳቸው ጎመንና ቆስጣ ባይለዩም ሰብሳቢነቱን በደስታ ተቀበሉ።

ውዴ ደግሞ ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅላ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የምትኖር ገበሬ ናት። ገበሬ ነበረች ማለት ይቀላል፤ እሷ ግን «ነበረች» ሲሏት ትቆጣለች። ባሏ ምህረቱ ደብረ ሲና ወርዶ ከባድ መኪና ሲጭንና ሲያራግፍ ይሰነብታል። ልጃቸው ሮዳስ የምትማረው እዚያ ትምህርት ቤት ነውና፣ የበጎ ፈቃድ ጥሪው ሲመጣ ሌላው ወላጅ ሰበብ ሲፈልግ ውዴ ዶማ ፈለገች።

መጠለያ ገብታ በደንብ የሠለጠነችበት ሙያ ቢኖር መሰለፍ ነው። ለስንዴ ሰልፍ፣ ለዘይት ሰልፍ፣ ለብርድ ልብስ ሰልፍ፣ ያውም ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ። እጅ መዘርጋቱን እየመረራትም ቢሆን ለመደችው። ያልለመደችው ደጇን ብሎ የሚመጣ ሰው ማጣትን ነው። በአገሯ ደቦ ጠሪ ነበረች፤ ሰው አብልታ፣ አጠጥታ፣ «በርቱ» ብላ የምታሠራ። የመጨረሻው ደቦዋ ለበቆሎ አጨዳ ነበር። ጠላው በጋኑ እንዳለ፣ ማንም ሳይቀምሰው ነገር ተበላሸና ጠሪውም ተጠሪውም በየፊናው ሸሸ። ቤቱን ከብቱን እየረሳችው ሄደች፤ ያ አፉ እንደታሸገ የቀረው ጋን ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

የመጀመሪያው ሐሙስ የሥራ ቀን ተባለና ቤተሰቡ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። አቶ ሰይፈሥላሴ ስለ ምግብ ዋስትና፣ ስለ አረንጓዴ ልማት፣ ትንሽም ስለ ራሳቸው ተናገሩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ ወደ ሥራ» አሉ። ንቅንቅ ያለ ሰው አልነበረም።

ሰነፍ ሆነው እንዳይመስላችሁ። በጋራ ለመቆፈር የመጣ ሰው የሚያውቀው ደቦን ነው። ደቦ ደግሞ ጠሪ አለው፤ ከየት እንደሚጀመር የሚያሳይ፣ የሚያበላ፣ የሚያጠጣ። ሰዉ ዶማውን ተደግፎ ጠሪውን በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የደቦው ባለቤት ማነው?» አሉ እማማ ወለተሐና። የሰፈሩ ደብር ቄስ ባለቤት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እዚያ ይማራል፣ እሳቸውም የመጣላቸውን ሳይናገሩ አያድሩም።

«ባለቤቱ ሕዝቡ ነው» አሉ ሰብሳቢው፣ ታፔላውን እያመለከቱ።

«ሕዝቡማ እኛው ነን። እና ራሳችንን ጠርተን ጦማችንን ልንውል ነው?»

ሰዉ ሳቀ፣ መሬቱን ለይሉኝታ ያህል ጫር ጫር አደረገና ተበተነ። በሚቀጥለው ሐሙስ የመጣው ከግማሽ ያነሰ ነበር። ሰብሳቢው ጉድለቱ የግንዛቤ ማነስ መሆኑን ደርሰውበት ንግግሩን አስረዘሙት።

ውዴ ግን ዶማ ተደግፎ የቆመውን ሰው አይታ አንጀቷ አልቻለም። የተጠራ ሰው ሳይቀምስ ሲመለስ ማየት አንድ ጊዜ በቅቷታል። ከእርዳታው ስንዴ ዘግና ከባቄላ ጋር ንፍሮ ቀቀለች፣ ከአንዲት የከተማ ሴት ጋን ተውሳ ጠላ ጠመቀች። ድንኳኑ ውስጥ ጠላው ከብርዱ የተነሣ አልፈላ ብሎ ሲያስቸግራት ጋኑን በታደለችው ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ራሷ በነጠላ ሰነበተች።

በሦስተኛው ሐሙስ ንፍሮው በሰፌድ፣ ጠላው በጣሳ ዞረ። የበላው ሰው አፉን ጠረገና ወደ ውዴ ዞሮ «ከየት እንጀምርልሽ?» አላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ አለቀለት። ድንጋዩ ተለቀመ፣ መደቡ ወጣ፣ ጎመኑና ካሮቱ ገባ። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ችግኙን ሣር አለበሱት። ሐሙስ ሐሙስ ሰዉ እየተጠራራ «የውዴ ደቦ» ይሄዳል። አቶ ሰይፈሥላሴም ንግግራቸው ጊዜ ወስዶም ቢሆን ሕዝቡ ውስጥ መስረጹን እያዩ ተደሰቱ።

ጥር ላይ ጎመኑ ጠቅልሎ ለመቆረጥ ደረሰ። ሰብሳቢው ከበላይ እንግዶች ጋበዙ፣ ሪባን አስወጠሩ፣ ማይክሮፎን ተከራዩ። ሪባኑ ይቆረጣል፣ ጎመኑ በእንግዶቹ ፊት ይነሣል፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ሻይና ብስኩት። ሁሉንም አሰቡ፤ ለሠራተኞቹ መንገር ብቻ ረሱ። ሠራተኛው የሰማው «ሐሙስ ይነሣል» የሚለውን ነው። ምርት ደግሞ የሚነሣው በጠዋት ነው። ተነሥቶም የሚገባው ደቦውን ወደ ጠራው ሰው ቤት ነው፤ ይህን ለማወቅ ማንም ስብሰባ መቀመጥ አላስፈለገውም።

ውዴ ለአጨዳው ቀን ንፍሮ ልትቀቅል ድንኳኗ ቀርታ ነበር። እማማ ወለተሐና ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ ጎመን በጆንያ፣ ካሮት በእቅፍ ይዘው መጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ ከመሩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርትሽ ነዋ። የት እናግባልሽ?»

ውዴ ማማሰያዋን ጣለች። «እማማ፣ ምን አደረጋችሁኝ? ይሄኮ የልጆቹ ነው። እርስዎን ማን ይጠይቅዎታል? እኔን ግን ሌባ ነው የሚሉኝ። ልጄ ነገ እዚያ ትምህርት ቤት በምን ዓይኗ ትገባለች?»

ፍርሃቷ ልክ ነበር። በከተማው አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው መጠለያው ውስጥ ነው። ጎመኑ ተመልሶ ሳይጫን የመኪና ድምፅ ተሰማ። አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ጓሮውን ባዶ አግኝተው፣ የሪባኑ መቀስ በእጃቸው እንዳለ፣ እንግዶቹን አስከትለው ወረዱ።

«ወይዘሮ ውዴ፣ የሕዝብ ንብረት እርስዎ ድንኳን ምን ይሠራል?»

ውዴ ልትለምን ነበር፤ ማሩኝ፣ አላወቅሁም ልትል። ዳሩ ግን ደጇ ላይ ሰው ቆሟል፤ ባዶ ሆዱን፣ በብርድ። ድንኳን ከገባች ወዲህ ይህ ደርሶባት አያውቅም። ልማዷ ከፍርሃቷ ቀደመ።

«እንግዳ ይዘው መጥተው ቆመው ነው እንዴ፣ ጋሼ? ይቀመጡ። ንፍሮው ደርሷል።»

እንግዶቹ ብስኩቱ ከሪባኑ በኋላ ስለነበር ቁርስ አልቀመሱም፤ ደጋግማ እስክትለምናቸው አልጠበቁም። በእርዳታ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እማማ ወለተሐና ከክምሩ ጎመን አንሥተው ከተፉ። ድስት ተጣደ፣ ጣሳ ዞረ። በዕድሜ የገፉት እንግዳ እያላመጡ፣ «ለመሆኑ ጓሮው የማነው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ሰይፈሥላሴ መልሱን በቃላቸው ያውቁታል። ነገር ግን ውዴ በዚያችው ቅጽበት አጉርሳቸው ነበርና አፋቸው ሞልቷል። ጉርሻው ደግሞ የባላገር ጉርሻ ነው። እስኪውጡት ድረስ እንግዳው ውዴን አመስግነው ጨርሰዋል።

ውዴ ተነሣች። «ምርቱ የኔ ነው ካላችሁኝ እኔም ለልጆቹ ሰጥቻለሁ። የበላችሁ እንግዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ ተሸከሙ።»

ሰጥቻለሁ። ተቀበልኩ ብላ ስትፈርም ለኖረች ሴት ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። የበላም ተሸከመ፤ አቶ ሰይፈሥላሴም ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ መቀሱን ኪሳቸው ከተው፣ ጎመን አቅፈው።

በተከታዩ ሐሙስ ሰብሳቢው ማይክሮፎን ሳይሆን አዲስ ዶማ ይዘው ቀድመው ደረሱ። አንዴ በልተዋልና ማምለጫ አልነበራቸውም። ሰዉ እስኪሰበሰብ ጠብቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁሉም ንግግር ሊመጣ ነው ብሎ ሲሰጋ፣

«ውዴ፣ ከየት ልጀምርልሽ?» አሉ።

ውዴ መሬቱን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«ከታፔላው ሥር ይጀምሩ፣ ጋሼ። እሱ ቦታ ገና አልተነካም።»

ሲሚንቶውን ሲደበድቡ ዋሉ። ሲመሽ ሰዉ ተሰነባብቶ ሄደ፣ ውዴም ልታጥበው ጋኑን ደፋችው። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ጠርታቸው መጥተው፣ ጠጥተው ጨርሰውት ሄደዋል። ጋኑን እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ አለችና የዓመታት እንባዋን አለቀሰች።