በአባቴ ቡና ላይ መጋዝ ያነሳሁበት ጥር

ባለፈው ጥር ልጄ ሙሉጌታ ከጅማ መጣ። እዚያ ጊንጆ ጉዱሩ በሚባል ሰፈር አልጋና ወንበር እየሠራ ይኖራል፤ ሥራውን አልነቅፍበትም፣ እጁ ጥሩ ነው። የመጣው ግን ብቻውን አልነበረም። የሞተር መጋዝ በትከሻው የተሸከመ ጓደኛውን አስከትሎ ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ "አባ፣ ይህ ቡና ደክሟል፣ እርስዎም ደክመዋል። ጠቅላላውን ነቅለን ጫት እንትከልበት" አለኝ።

እኔ ጫት አልወድም። ቤቴ ውስጥ ተቅሞ አያውቅም፤ ልጆቼ ይህን ለማወቅ ሁለት ጊዜ መስማት አላስፈለጋቸውም። ያን ዕለት የከነከነኝ ግን ጫቱ አልነበረም። በልጄ ዕድሜ፣ በዚሁ ግቢ፣ እኔም መጋዝ ይዤ "ጠቅላላውን" ብዬ ነበር። ስለዚህ መጋዙን አስቀምጠው ሁለቱም እንዲቀመጡ አዘዝኳቸው። ያን ዕለት የነገርኳቸውን ነው አሁን የምጽፈው።

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ከተበተነው ሠራዊት አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰሜን ግንባር ግራ ጉልበቴን ተመትቼ ስለነበር እግሬ አይታጠፍም። ከካምፕ ተለቅቄ ጅማ ስደርስ ክረምቱ ገብቷል። ወደ መንደሬ ወደ ሰቃ የሚወስደው መንገድ ያኔ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ነው። የተሳፈርንበት መኪና ተቀረቀረ፤ ገፋን፣ ገፋን፣ በመጨረሻም ትተነው በእግራችን ቀጠልን። መንገድ ዳር አንዲት ሴት የበቆሎ ቅቅል ከድስት እያወጣች ትሸጥ ነበር። የወታደር ሸሚዜን አየችና አንዱን በቅጠል ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። ዋጋውን ስጠይቃት፣ "ኛዹ፣ ብላ ወንድሜ" ብላ ፊቷን ወደ ድስቷ አዞረች።

ከእኔ ጋር ከተለቀቁት ብዙዎቹ በየከተማው እየለመኑ ቀርተዋል። አልፈርድባቸውም፤ ቤት ያልነበረው ነበር፣ እጅ ያልነበረው ነበር። እኔ ግን እጅም ቤትም ነበረኝ። ያን ትኩስ በቆሎ እየጋጥኩ ስሄድ፣ የሰው ቸርነት ስበላ ይህ የመጨረሻዬ እንዲሆን ወሰንኩ። ከእንግዲህ የሚያበላኝ መሬት ነው አልኩ። ወጣት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ይወስናል፤ ከባዱ ከውሳኔው በኋላ የሚመጣው ሰኞ ነው።

አባቴ ገና ጢም ሳያወጡ በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ውስጥ አርበኛ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደዚህ አገር መጡና ሰቃ አጠገብ ሰፈሩ። ጫካ ውስጥ ከትልልቁ ቡና ሥር የበቀለውን ችግኝ እየነቀሉ፣ በቅርጫት እያመጡ፣ አንድ በአንድ ተከሉት። እኔ ስመለስ ዓይናቸው ፈዞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ቡናውም አብሯቸው አርጅቷል። ግንዱ ሸብቷል፤ ቀጥኖ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ያለችውን ጥቂት ፍሬ ጫፉ ላይ ነው የሚይዛት። ለመልቀም በሜንጦ ስቦ ማጉበጥ ያስፈልግ ነበር፤ ስናጎብጠው ደግሞ ይሰበራል። የዚያ ዓመት ለቀማ እንኳን ለገበያ ለራሳችንም የማይበቃ ሆነ። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋትም ማታም የምንበላው ጎደሬ በሚጥሚጣ ነበር።

ነዚፍ የሚባል የአጋሮ ልጅ የጦር ጓደኛዬ ነበር። ምሽግ ውስጥ በጥይት ሣጥን ክዳን ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ሌላው ስለ ሴት ሲያወራ እሱ ስለ ቡና ያወራል። "ወላሂ፣ ያረጀ ቡና አይሞትም" ይለኝ ነበር። "ከጉልበትህ በታች ጎንድለው፤ ከጉቶው ላይ ጎረምሳ ሆኖ ይነሣል።" በታኅሣሥ አጋሮ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። እጄን ይዞ ወደ ጓሯቸው ወሰደኝና ካቻምና ከተቆረጡ ጉቶዎች የወጡትን ቀንበጦች አሳየኝ። ቅጠላቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ከዚያ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

"አባባ፣ ቡናውን ልጎነድለው ነው" አልኳቸው።

"የቱን?"

"ጠቅላላውን።"

ጎደሬ እየላጡ ነበር። ቢላዋው ቆመ። "ሰው ስትጥል ኖረህ መጣህ" አሉኝ፣ "አሁን ደግሞ ዛፍ አማረህ?"

ይህ ቃል ከጉልበቴ ቁስል ይልቅ አመመኝ። ቢሆንም አልተቆጣሁም፤ ተቆጥቶ የጀመረውን ሥራ ተደስቶ የጨረሰ ሰው አላየሁም። "ከተነሣ አብረን እንለቅመዋለን። ከሞተ እኔ ከግቢዎ እወጣለሁ" አልኳቸው።

"አንተማ ትወጣለህ። እኔስ ወዴት እወጣለሁ?"

ቢሆንም አልከለከሉኝም፤ ጎደሯቸውን መላጥ ቀጠሉ።

በእኛ አካባቢ ከባድ ሥራ ያለበት ሰው ጎረቤቱን ዳዶ ይጠራል። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ የሚባልበት የሥራ ማኅበር ነው። ከዳዶ የወጣ ገበሬ ብቻውን ማረስም ማጨድም አይሆንለትም፤ ሞቶም የሚቀብረው ያጣ ያህል ነው። የእኛን ዳዶ የሚመሩት አባ ቢያ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጥር ለቡና ሥራ ብዬ ዳዶውን ጠራሁ፤ ምንጣሮ መስሏቸው ገጀራቸውን ይዘው መጡ። ነዚፍም መጋዝ ይዞ ከአጋሮ ደረሰ። የበቆሎ ቂጣ በአይብ ተበላ። ከዚያ ተነሥቼ መጋዙን አንዱ ግንድ ላይ ሳሳርፍ ወሬው ሁሉ ቆመ።

"ያ ሙጫ፣ አንተ ልጅ! ምን ልታደርግ ነው?" አሉ አባ ቢያ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ።

"ልጎነድለው ነው፣ አባ ቢያ።"

"ፍሬ የሚሰጥን ቡና?"

"ፍሬ መስጠት ከተወ ቆየ እኮ።"

"ተዉት፣ ጠላት መስሎት ነው!" አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ "ተማረክ በለው እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?" ሲል ሁሉም ሣቁ። አባ ቢያ ግን አልሣቁም። በእሳቸው ዘመን ፍሬ የያዘ ቡና የቆረጠ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርብ ነበር።

"ለአረም ጥራን፣ እንመጣለን" አሉኝ። "ለለቀማ ጥራን፣ እንመጣለን። ቡና ለመግደል ግን እጃችንን አናነሣም። ይህ ነገር ቢደርቅብህ ደግሞ ዳዶ ብለህ ደጄ እንዳትቆም።"

ገጀራቸውን እያነሡ አንድ በአንድ ወጡ። ነዚፍ መጋዙን በሱሪው እየጠረገ፣ "እኛ ሁለት ነን፤ ከዚህ ባነሰ ሰውም ኮረብታ ይዘን እናውቃለን" አለኝ። እልህ ያዘኝና፣ "እንግዲያው ዛሬውኑ ጠቅላላውን እንጨርሰዋለን!" አልኩ።

ቡናው ውስጥ ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር የተቀመጡት አባቴ ይህን ጊዜ ተነሡ። በዱላቸው እየዳበሱ መጡ።

"ስንት ሰው ቀረ?"

"እኔና ነዚፍ።"

"ያለህን ሁሉ ባንዴ ማሰለፍ ነው ምሽግ ውስጥ ያስተማሩህ?" አሉኝ። "እኛ ጫካ ሳለን ገሚሱ ይዋጋል፣ ገሚሱ ያርሳል። የሚዋጋው ቢወድቅ የሚያርሰው ይተካዋል፤ የሚያርሰው ባይኖር የሚዋጋውም በረሃብ ያልቃል። ሁላችንም በእልህ የወጣንበት ቀን አንድ ነው፤ ከዚያ ቀን የተመለሰው ጥቂት ነው።" በዱላቸው አመለከቱ። "ከላይኛው ጠርዝ እስከ ዋንዛው ያለውን ቁረጥ። ሌላው ይቆይ፤ እየተሰበረም ቢሆን ያበላናል።"

ከዚያ ግንዶቹን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱና አንዱ ጋ ቆሙ። "ይህን ነው መጀመሪያ የተከልኩት። ከዚህ ጀምር።"

"አባባ፣ ይህስ ይቅር።"

"ለዚህ ካዘንክለት ሥራህን አታምንበትም ማለት ነው። ካላመንክበት ሌላውንም አትንካ።"

ግንዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። መጋዙን ስስብ ፍቅፋቂው ጋቢያቸው ላይ ይረግፋል፤ አላራገፉትም። ዛፉ ሲወድቅ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ቆዩና፣ "ቀጥል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ስለ ጦርነት የሚጠይቁኝ ሰዎች ተኩሱን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን የዚያን በልግ ያህል የከበደኝ ግንባር አላስታውስም። ጉቶዎቹ እንደ ድንጋይ ግራጫ ሆነው ቆሙ። ወደ ሰቃ ገበያ የሚያልፈው ሰው ቦታውን "የወታደሩ መቃብር" ብሎ ሰየመው። እኔ ሰማሁ፣ በጉቶዎቹ መሐል በቆሎና ቦሎቄ ዘራሁ። ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ ያቆጠቆጡት ነዚፍ የቆረጣቸው ናቸው። እሱ ዘቅዘቅ አድርጎ ስለሚቆርጥ ውሃው ይወርዳል። እኔ በጉልበቴ ምክንያት ማጎንበስ እየቸገረኝ ጠፍጣፋ ነበር ያስቀረሁት፤ ውሃው አናቱ ላይ አቆረ፣ አንዳንዱም መበስበስ ጀመረ። የአባቴን የመጀመሪያ ዛፍ የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ።

እሳቸው በየጠዋቱ ይሄዳሉ። በአውራ ጣታቸው ጉቶውን ዙሪያውን ይዳብሳሉ፣ ይመለሳሉ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት በቆሎ ስኮተኩት "ና!" ብለው ተጣሩ። እያነከስኩ ሮጥኩ። ጣቴን ያዙና ቅርፊቱ ላይ አስቀመጡት። ምስር የምታክል ለስላሳ ነገር ነበረች።

"መጣ" አሉ።

ያንኑ ሰዓት መጋዙን አወጣሁና በጎኔ ተጋድሜ፣ ጠፍጣፋ የቀሩትን ጉቶዎች ሁሉ እንደገና ዘቅዘቅ አድርጌ ቆረጥኳቸው። ጭቃው በሸሚዜ አንገት ገብቶ ነበር። ከእነሱም ጥቂቱ ሞቷል፤ አብዛኛው ተነሣ።

በሚቀጥለው ጥር አባ ቢያ ሳይጠሩ መጡ።

"ያ ሙጫ፣ ያ የነፍሰ ገዳይ መጋዝህ አለ?"

"ለማን ፈለጉት፣ አባ ቢያ?"

"ለእኔ ቡና ነዋ! ደግሞ ጠፍጣፋ እንዳታደርግብኝ፣ ሰምቻለሁ" አሉ፤ ያን ጊዜ ሣቁ። ከኋላቸው ዳዶው በሙሉ ቆሞ ነበር። እኛም በየዓመቱ አንድ አንድ ወገን እየጎነደልን ግቢውን አዳረስነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። አዲሱ ቡና አጭር ስለሆነ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ልስላሴውን በጣታቸው እየዳሰሱ ቀዩን ከአረንጓዴው እየለዩ ይለቅሙ ነበር።

ይህን ስጨርስ የሙሉጌታ ጓደኛ፣ "ታዲያ ጫቱስ፣ አባባ?" አለኝ። ደፋር ልጅ ነው፤ አልጠላሁትም። ጫት ለምን እንደሚተከል አውቃለሁ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፣ ወጣት ሰው ደግሞ ዛሬ መብላት አለበት። ይህን መካድ ውሸት ነው። "ወንዝ ዳር ያለውን ጠርዝ ውሰድና የፈለግኸውን ትከልበት" አልኩት ልጄን። "እኔ አልወደውም፤ ግን አልነቅልብህም። መሐሉ እንዳለ ይቆይ፣ ያበላናል። ከላይኛው ጠርዝ እስከ ዋንዛው ያለውን ግን ዛሬ አብረን እንጎነድላለን።"

ሙሉጌታ ተነሥቶ መጋዙን አነሣ።

"ከየቱ ልጀምር?"

ወደ ቡናው መራኋቸውና መዳፌን አንዱ ግንድ ላይ አሳረፍኩ። ከሥሩ የድሮው ጉቶ አብጦ፣ የእኔ መጋዝ ያረፈበት ጠባሳ አሁንም ይታያል።

"ይህ አያቴ መጀመሪያ የተከሉት አይደለም እንዴ? ይህስ ይቅር፣ አባ።"

የማይታጠፈውን እግሬን ዘርግቼ ግንዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ዘቅዘቅ አድርገህ" አልኩት።