የእታለም ሻንጣ

ልጄ ሐያት ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ቱርክ ልትሄድ ነው፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ሻንጣ ጋር ስታገል ሰነበትኩ። እኔ የከተትኩትን እሷ ታወጣለች፣ እሷ ያወጣችውን እኔ መልሼ ከካልሲዎቿ ሥር እሸጉጣለሁ። «እማ፣ እዚያ እኮ ሁሉም ነገር አለ» ትለኛለች፣ ሄዳ ያየች ይመስል። ትናንት በሦስት ላስቲክ የጠቀለልኩት በርበሬ ተቀደደና ሻንጣው ውስጥ ተበተነ። ሁለታችንም እያስነጠስን ስናራግፍ፣ በርበሬና አዲስ ሻንጣ የተቀላቀለበት ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሽታውን አውቀዋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እታለም ጅዳ ልትሄድ በተነሣች ሰሞን፣ ሐይቅ ከተማ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለው ቤታችን የሸተተው እንዲህ ነበር።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ከድጃን ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አብረዋት ያደጉት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር ሄደው ስላለቁ እሷም እሄዳለሁ አለች። እናቴ አትሂጂ አላለቻትም። ብትላት ይሻል ነበር፤ ተጣልተው፣ ተላቅሰው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ሻንጣ መሙላት ያዘች። ገብስ ቆልታ አስፈጭታ በሶ አደረገች፤ ሽሮና በርበሬ፣ ቋንጣና ድርቆሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ደግሞም ለሆድ ቁርጠት ነው የምትለውን ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀውን ቅጠል ጨመረችበት። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ በበኩላቸው ሴት የማይገባበት ገዳም ነውና ባላቸውን ወደ እስጢፋኖስ ልከው ጠበል አስመጡላት። እናቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ ትርንጎዬ» ብላ ከበሶው አጠገብ ሸጎጠችው። በማግስቱ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ በሶው እዚያው ሻንጣው ውስጥ ተበጥብጦ አገኘነው። እታለም ተገላገልኩ ብላ ሳትጨርስ እናቴ እንደገና ገብስ ለመቁላት እሳት አያያዘች።

የጉዞው ደላላ ከሃያ ኪሎ እንዳያልፍ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ በመሄጃዋ ዋዜማ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሻንጣውን ለሦስት እየተቀባበልን እህል ነጋዴው ጋሽ ይማም ዘንድ ወሰድነውና ሚዛኑ ላይ ጫንነው። ሠላሳ አራት ኪሎ ሆነ።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አለችው እናቴ።

«ወላሂ ዛሬ ጠዋት ነው ያስተካከልሁት» አላት ጋሽ ይማም።

እናቴ ተንበርክካ ሻንጣውን ከፈተችና ማራገፍ ጀመረች። ያራገፈችው ግን በሶውን አይደለም። የእታለምን ሹራብ፣ ለዒድ የተሰፋላትን ቀሚስ፣ ገና አንድ ቀን እንኳ ያልተጫማችውን ጫማ እያወጣች የጤፍ ጆንያ ላይ ትደረድረው ገባች። «ልብስ እዚያም አይጠፋም፤ በሶ ግን ማን ይሰጥሻል?» ትላለች በየመሀሉ። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። የእታለም ፊት በርበሬ መሰለ።

«እማ፣ የምትልኪው እኔን ነው በሶውን?»

እናቴ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። «አንቺን ማን ላከሽ? አንቺ ነሽ እንጂ የምትሄጂው።»

ድምጿ ተሰባብሮ ስለነበር ጋሽ ይማም እንኳ ፊቱን አዞረ። በዚያን ጊዜ ነው ሳምንት ሙሉ ስትቆላና ስታስፈጭ የከረመችው እናቴ ምን እንደሆነች የገባኝ። ለእታለምም ገብቷት መሰለኝ፣ ክርክሩን ትታ የቀሩትን ልብሶች እሷው እያጣጠፈች ለእኔ አቀበለችኝ። በማግስቱ ማለዳ ሁለት ቀሚስና ያንን ሁሉ ስንቅ ይዛ በደሴ ሚኒባስ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ሱቅ ስልክ ትደውልልን ነበር። እናቴ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ ጅዳ ድረስ በጩኸት የምታሰማ ይመስል፣ «በሶው አለሽ?» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ፣ አላለቀም» ትላለች እታለም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ይህ መልስ እኔን አሳቀኝ፤ እናቴ ግን በረካ ገብቶበት ነው ብላ ለመንደሩ አወራች። እውነቱን የሰማሁት እታለም ከተመለሰች በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ ስናጥብ ነው። የተቀጠረችበት ቤት እመቤት ሻንጣውን ገና በሩ ላይ አስከፍታ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ስንቁን እንዳለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስደፍታው ኖሯል። «ለእማ እንዳትነግሪ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

እታለም የተመለሰችው በዘጠነኛው ዓመት ነው። እናቴ ፊት ሻንጣዋን ዘርግታ፣ ለእኔ በየዓመቱ አንድ አንድ ለዒድ እየገዛች፣ የሚያመጣላት ሰው አጥታ ያስቀመጠችውን ቀሚስ አንድ በአንድ አወጣች። ዘጠኝ ቀሚስ ነው። ዘጠኙም የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ናቸው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል፤ በቁመትም እበልጣታለሁ።

«አላድግም ብለሽ ነው እንዴ?» አልኳት፣ እየሳቅኩም እየተናደድኩም።

«እንደምታድጊማ አውቃለሁ» አለች። «ሱቅ ስገባ ግን የምትመጭብኝ ያችው ነሽ።» እጇን ወገቧ አጠገብ ዘርግታ ቁመቴን አሳየችኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀይሜያት ነበር። የመጀመሪያው ደም ሲመጣብኝ የምጠይቃት አጠገቤ አልነበረችም፤ ፈተና ወድቄ ሳለቅስም አልነበረችም። ያጣሁ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷም ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ያለውን የእኔን ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ ሳታየው አልፏታል። ያንን ደግሞ ማናችንም ለሌላችን መልሰን ልንሰጥ አንችልም።

ሰፋ ያለውን ቀሚስ መርጬ በራሴ ላይ አጠለቅኩት። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ተቀርቅሮ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ። «ቀስ በይ፣ ትቀጅዋለሽ!» ብላ እናቴ ጮኸችብኝ። እታለም ልታወጣኝ ጨርቁን ስትጎትት፣ ፊቴ እንደተሸፈነ ከት ከት ስትል እሰማታለሁ፤ እኔም እስቃለሁ። የምታለቅስ መሆኗን ያወቅኩት ራሴ ከቀሚሱ ሲወጣ ነው።