ሁለት መምህራን በአንድ ሰሌዳ ፊት

ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ከተሜው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰው ቤት እየመረግሁ የምኖር ስለሆንሁ እስከ ጉልበቴ እገባበታለሁ። ገብቼ ስረግጠው ሽታው ከእግሬ ሥር ተነሥቶ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ይወስደኝና፣ ከአምበር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው ቀበሌያችን ወላጆቻችን መርገው ካቆሙት ትምህርት ቤት ውስጥ ያስቀምጠኛል። ግድግዳው ሳይደርቅ ነበር የገባንበት። መቀመጫችን የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ሰሌዳችን ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ነበር፣ መስኮቱም መዝጊያ ስላልነበረው ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባና ይወጣ ነበር። የልጅነት ትዝታ ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይጣፍጣቸው።

አባቴ ከአራት ልጆቹ መርጦ ወደዚያ የላከው እኔን ብቻ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጠ ሲጠየቅ «ወሬ ሰምቶ ሲመለስ አንዲት ቃል አትጎድለውም» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ገበያ ልኮኝ የሰማሁትን ሁሉ ከነሳሉ ከነስድቡ እደግምለት ነበር። እሱ ራሱ ፊደል አያውቅም፣ ቀበሌ በተጠራ ቁጥር አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትምና፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ ጣቱን በሣር እየፈተገ «ይኼ ነገር በእኔ ይብቃ» ይል ነበር። መስከረም ላይ እጄን ይዞ ሲወስደኝ መንገድ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሆነልህ ተማር። ካልሆነልህ ሞፈሩ የትም አልሄደም።»

አንደኛ ክፍልን የሚያስተምረው መምህር እንየው ነበር። ያኔ «እሳቸው» እላቸው ነበር፣ ዛሬ «እሱ» ነው የምለው። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ የሰው ውሻ ነክሶት፣ ከመርጡለ ማርያም ማዶ ቅኔ ቤት ገብቶ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ረኀቡ ሲበረታበት ትቶት ወጣ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጎልማሶችን ፊደል ሲያስቆጥር ታይቶ፣ የጥቂት ወራት ሥልጠና ተሰጥቶት የመንግሥት መምህር ሆነ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሲጀምር ማዶ ያለ አራሽ ሞፈሩን አቁሞ ያዳምጠው ነበር።

በቆሎ ትምህርት ቤት ቀን ቀን ጣት በፊደል ላይ እየተደረገ ይነበባል፣ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ መጽሐፍ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይሆናል፣ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይከተላል። መምህር እንየው ከሁለቱ አብልጦ የሚወደው የቃሉን ነበርና፣ የማታውን ትምህርት ይዞ በቀን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መጣ። «ዕውቀት በጆሮ ይገባል፣ ዓይን ኋላ ይደርስበታል» ይል ነበር። ደግሞስ ምን ያድርግ? እኛ ሰባ ልጆች ነበርን፣ የንባብ መጽሐፉ ስድስት ነበር። አንዱን ከፍ አድርጎ ይዞ ያነብልናል፣ እኛም እየጮህን እንከተለዋለን፣ የሳተው አርጩሜ ይቀምሳል።

እኔ ስቼ አላውቅም። ጥር ሳይገባ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያዝሁት። የላሟ ሥዕል ሲመጣ የላሟን፣ የወንዙ ሥዕል ሲመጣ የወንዙን አወርደው ነበር፣ የገጹ ነገር ሲያልቅም ገልጬ ቀጣዩን እጀምር ነበር። አጭበርባሪ አልነበርሁም፣ ይኼን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ማንበብ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። ሥዕሉ ያስታውሳል፣ አፍ ይናገራል፣ ከሥሩ የተደረደረው ጥቁር ነገር ደግሞ እንደ ቀሚስ ጥለት ለጌጥ ነው።

አውድማው ተጠርጎ እህሉ ጎተራ በገባበት በጥር፣ የሚካኤል ማኅበር ተራው እኛ ቤት ደረሰ። አሥር ያህል ሰው ተቀምጦ፣ መምህር እንየውም የክብር ቦታ ተሰጥቶት፣ አባቴ ተውሶ ያመጣውን መጽሐፍ እጄ ላይ አደረገና «አንብብላቸው» አለኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አንበለበልሁት። ጎረቤታችን አያ ጓሉ ጽዋውን አስቀምጦ ጮኸ።

«ባይለየኝ፣ ይኼን ልጅ ከማን ሰረቅኸው? ካንተ እንዳልል አንተ በግ ስትቆጥር እንኳ ትስታለህ!»

«የናቱ ነው እንጂ የኔማ አይደለም» አለ አባቴ እየሳቀ።

«ኧረ ስሙ፣ ዛሬ ገና አመነ!» አለች እናቴ ከጓዳ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መረቀኝም። አባቴ ግን መሳቁን ትቶ ቆመና፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ጣቱን ቀለም የሚነክር ሰው እንደማይኖር በሚካኤል ፊት ተናገረ። መምህር እንየውም «ጆሮ ያለው ልጅ ነው» ብሎ ምርቃቱን አብሮኝ ተቀበለ።

ክረምቱ እንደ ክረምት አለፈ። ዝናቡ የትምህርት ቤቱን አንድ ጎን ናደው፣ አባቶቻችንም መልሰው መረጉት። ያኔ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማንም አይወድቅም ነበር፣ መመሪያው እንደዚያ ነው ተባለ፣ ሁላችንም አለፍን።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ክፍልን የያዘችው መምህርት ስመኝ ነበረች፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣች ሁለት ወር ያልሞላት፣ በላስቲክ ጫማ ጭቃችንን እየረገጠች የመጣች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ እሷም የእናቷን መቀስ ይዛ መጥታ ከካርቶን ፊደል እየቆረጠች በየእጃችን ታስይዘን ነበር። አትማታም። «ልጅ እጁ ያልነካውን ጭንቅላቱ አይዘውም» ትል ነበርና፣ ከየቤታችን ባቄላና ቆርኪ አምጥተን መሬት ላይ ፊደል እንሠራ ነበር። ወላጆች አጉረመረሙ። አያ ጓሉ «ባቄላ መልቀሙንማ ቤቱም ይለቅማል፣ ለዚህ ነው እንዴ ከማርቆስ ድረስ የተላከች?» ይል ነበር። እኔም አልወደድኋትም። በሷ ክፍል የሚጮህ የለም፣ ጩኸት ከሌለ ደግሞ እኔ ማንም አልነበርሁም።

በጥቅምት ማለቂያ አንድ ቀን የአምናውን መጽሐፍ አስያዘችኝና ጣቷን ገጹ መሃል አስቀምጣ «ከዚህች ቃል ጀምር» አለችኝ። ከላይ ጀምሬ አወረድሁት። «አይደለም፣ ከዚህ።» እንደገና ከላይ ጀመርሁ። ከዚያ ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው። አፌ ተከፍቶ ቀረ እንጂ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

«ዕውር መሪጌታ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ።

እሷ አልሳቀችም። ልጆቹ ሲወጡ አስቀረችኝና «ስማኝ፣ ጎበዝ ነህ» አለች። «ይኼን ሁሉ በጆሮህ የያዝህ ልጅ ፊደሉን በስድስት ወር ትጨርሰዋለህ። ከነገ ጀምሮ ከአንደኛዎቹ ጋር ትቀመጣለህ።» እኔ የሰማሁት «ከአንደኛዎቹ ጋር» የሚለውን ብቻ ነበር። ካባረረችኝ ሞፈሩ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፣ ከታናናሾቼ ጋር ከተቀመጥሁ ደግሞ አባቴ በማኅበሩ ፊት ምን ይሆናል? በማግስቱ ሸሽቼ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴን አስጠራችው።

ኅዳር ነበር፣ የጤፍ አጨዳ። አባቴ ማጭዱን እንደያዘ፣ ላቡ ሳይደርቅ መጣ። መምህር እንየውም ከጎረቤት ክፍል ተጠርቶ ገባ፣ እኔ ሰሌዳው ሥር ቆሜአለሁ።

«አባባ፣ ልጅዎ ማንበብ አይችልም» አለችው፣ ሳትቀመጥ፣ ሳታስቀምጠው።

«ምን አልሽ?»

«በቃሉ ነው የሚለው። ፊደሉን አያውቀውም።»

«በአሥር ሰው ፊት አንብቧል እኮ! መምህር እንየው ራሳቸው ነበሩ!»

መምህር እንየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ስንቱን ነገር በቃሌ ነው አስቀድሜ የያዝሁት» አለ። «ዓይን ይደርሳል። ምን ያጣድፍሻል ልጄ?»

«እርስዎ ከየኔታ እግር ሥር ሌት ተቀን ተቀምጠዋል፣ መምህር። ይኼ ልጅ ያለው ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም አጨዳ ከሌለ!»

ጠመኔ አነሣችና ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈች። «አንብብልን» አለችኝ።

አየሁት። ሥዕል የለውም። አባቴ ማጭዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ዓይኑን ግን ከእኔ አላነሣም። ያኔ የምፈልገው ከዚያ ክፍል ተማሪ ሆኜ መውጣት ብቻ ነበርና፣ መምህር እንየው እንዳስተማረኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ የመጀመሪያውን ገጽ ለቀቅሁት። «ላማችን ወደ መስኩ ሄደች!»

የአባቴ ፊት በራ። «ይኸው!»

መምህርት ስመኝ ወደ መምህር እንየው ዞረች። «እርስዎ ይፍረዱ። ምን ብዬ ነው የጻፍሁት?»

መምህር እንየው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አባቴን አየ። «ልጁ እንዳለው ነው» አለ።

«እግዜር ይይልዎት!» አለች። «የጻፍሁት ባይለየኝ ዓለሙ ብዬ ነው። የእርስዎ ስም ነው፣ አባባ!»

አባቴ ሰሌዳውን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ አልተቆጣም። «እንግዲህ እኔ መሃይም ነኝ። አንዱ ላም ይላል፣ አንዷ ባይለየኝ ትላለች። ሁለት መምህር በአንዲት መስመር ካልተስማማ፣ ልጄ ከእናንተ የሚማረው ምኑን ነው?» እጄን ያዘኝ። «ና፣ ጤፉ ይረግፋል።»

ከዚያ ወዲያ ያን ትምህርት ቤት አልረገጥሁም።

መምህርት ስመኝ በዓመቱ ተዛውራ ሄደች። መምህር እንየው ግን ክረምት ላይ አንድ ቀን በዝናብ በስብሶ ቤታችን መጣ፣ አባቴም እሳት ዳር አስቀመጠው። እውነቱን ሊናገር እንደመጣ እኔ አውቄበታለሁ። ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በረዶ አወራና፣ ጠላውን ጨርሶ መርቆን ሄደ።

ለልጁ አዝኖ ነው የዋሸው የሚሉ አሉ፣ አባቱ እንዳይገርፈው ብሎ። ያዘነውስ ለራሱ ነው። እሷንም ቢሆን አልምራትም። እውነት ነበራት፣ ዘዴ አልነበራትም፤ ልጅ ማስተማር ተምራ መጣች፣ ለአባት መንገርን ግን በማሠልጠኛው ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን እንኳ ቤታችን መጥታ ጠላ ቀምሳ፣ ከእናቴ ጋር ተቀምጣ ነገሩን ቀስ ብላ ብትጀምረው ኖሮ፣ አባቴን ከነማጭዱ ሰሌዳ ፊት ባላቆመችው ነበር። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በማኅበሩ ፊት ሳነብ አላጭበረበርሁም፣ በዚያ በኅዳር ቀን ግን አጭበርብሬአለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ላም እንዳልነበረ ሆዴ ያውቅ ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እዚሁ ማርቆስ፣ እሑድ እሑድ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መምህሬ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው። በስድስት ወር ትጨርሰዋለህ የተባልሁት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ጣቴ በጭቃ ደንድኖ እርሳስ አልይዝ ብሎ፣ አንድ ቃል ጽፌ ለሦስት ቃል ያህል አልብ ነበር። አባቴ አላየውም፣ ቀድሞ ሞተ።

አሁን የመጨረሻዋ ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ክፍላቸው ብሎኬት ነው፣ ግድግዳው ሥዕል በሥዕል ነው፣ አርጩሜ የለም። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ተጠርተን በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀመጥን፣ መምህርቷም ለእያንዳንዱ ወላጅ «ጎበዝ ነው»፣ «ጎበዝ ናት» እያለች እኔ ዘንድ ደረሰች።

«የርስዎም ጎበዝ ናት።»

«ምኑን ትስታለች?»

«አይ፣ ደህና ናት አባባ።»

«ምኑን ትስታለች ነው ያልሁሽ፣ ልጄ።»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ለመናገር፣ ፊደሎቹን አያይዛ ማንበብ አቅቷታል። በግምት ነው የምትለው። ልነግርዎ አስቤ ነበር፣ ግን ወላጅ ይቆጣል።»

ከኋላዬ አንዲት እናት «ውይ፣ በሰው ፊት!» አለች። እኔ ግን ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ፣ መምህርቷም ግራ ገብቷት ወደ ቀጣዩ አለፈች። ከልጄ ጋር ቤታችን ስንመለስ መምህርቷ ምን እንዳለችኝ ጠየቀችኝ፣ እንዳለችው ነገርኋት፣ ትንሽ አኮረፈች፣ ትንሽ ቆይታም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

ያኔ አባት መምህርን ያምን ነበር፣ መምህርም አባትን ያፍር ነበር፣ በመሃል የተጎዳው እኔ ነኝ። ዛሬም መምህሩ ያፍራል፣ ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ያ አልቀረም። ልዩነቱ ይኼ ብቻ ነው፤ አባቴ ክፉውን ወሬ ቆሞ፣ ማጭድ ይዞ ሰማው፣ እኔ ተቀምጬ ጠይቄ ሰማሁት። መጠየቁን ደግሞ ከሁለቱም መምህሮቼ አልተማርሁትም።